የሃምሳ ዋት መርዶ

አዘዞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይባረክ ታከለ፣ ረሆቮት

ከሁሉ አስቀድሜ በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅህ፣ ውድ ትራንስፎርመራችን ትናንት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባደረበት ድንገተኛ ጭስ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየ መሆኑን ነው። ሟች በውል ካልታወቀ አገር ተወልዶ፣ ወጣትነቱን በአንድ ሙዚቃ ቤት አምፕሊፋየር ሆድ ውስጥ በትሕትና አሳልፎ፣ በኋላም በቅዳሜ ገበያ ብረት ሻጮች ዘንድ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ለስድስት ቀን ብቻ የእድራችን አገልጋይ ነበር። ከኋላው አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት ባለቀንድ ስፒከርና አንድ ጥርስ የሌለው ጥሩምባ ነፊ ትቷል።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ተውኩት። ኔትወርካችንም ጾመኛ ነው፣ ሲፈስክ አላየሁትም።

ጥሩምባ ነፊው አያ ክንዱ ይባላል። አንተ አታውቀውም፤ እናንተ በሰማንያ ሦስት ወደ እስራኤል ከሄዳችሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ከዳባት ወርዶ ሰፈራችን የገባው። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር ሳይነጋ እየዞረ ጥሩምባ የሚነፋ፣ ስሙን የሚለፍፍ እሱ ነው። ሚስቱ የሞተች ዕለት እንኳ ራሱ ነፍቶ ራሱ ለፈፈ፤ ሌላ ሰው ስሟን እንዲያበላሽባት አልፈለገም። አሁን የፊት ጥርሶቹ ረግፈው ጥሩምባው ነፋስ ብቻ ሆነበት። ድምፁም ሻክሮ ከጎረቤት አጥር አያልፍም። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ወልደ ዮሐንስ «በጥር መጨረሻ በጠቅላላ ጉባኤ እናሰናብተውና ሞቱን በሞባይል መልእክት እንላላክ» ይላሉ። ኔትወርኩን ነግሬሃለሁ። በዚህ አሠራር ሰው የሚሰማው የጎረቤቱን ሙት ዓመት ነው።

አያ ክንዱ ግን በቀልዴ አልሳቀም። «አድማሴ፣ ይቺን ከወሰዱብኝ ጠዋት ምን ብዬ እነሳለሁ?» አለኝ።

ስለዚህ ማልኩ። ከእድሩ ቤት ተቀምጦ በሹክሹክታ ቢናገር እንኳ አዘዞ ሙሉ የሚሰማው አምፕሊፋየር ልሠራለት ቃል ገባሁ። አርባ ዓመት ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ለአንድ ትራንስፎርመር አልሰነፍም ብዬ ነበር፤ የሆነውን ከላይ አነበብክ። አንተ ሃያ ስድስት ዓመት ትራንስፎርመር የጠመጠምክ ነህና ምን ዓይነት ልምረጥ? ምክርህን ፈጥነህ ላክ።

ባለቤቴ አባይነሽ ወረቀቱን ቀምታኝ ከግርጌ የጻፈችው አለ። አላየሁም እንዳትል።

አድማሴ

ረሆቮት፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐዘንተኞች አለቃ፣ ለአድማሴ

እግዚአብሔር ያጽናህ። የሟችን ዜና ሕይወት ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ አንዱ ሩሲያዊ ኮፍያውን አወለቀ። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ፤ ደብዳቤህን ያመጣልኝ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሻንጣው ከበርበሬ ሥር ረስቶት ነበር። እያስነጠሰኝ ነው ያነበብኩት።

ስለ ሟች ስትጠይቀኝ የደበቅከኝ ነገር እንዳለ ከአጻጻፍህ አውቄብሃለሁ። ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው የሚቃጠል ትራንስፎርመር በገዛ እጁ አይሞትም። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፦ ፊውዙ የት ሄደ? ቮልቱን የለካኸው በስንት ሰዓት ነው? ማሽኑስ ሥራ የሚጀምረው በስንት ሰዓት ነው?

ለመምረጡ፣ ጽሑፉ የጠፋበት ትራንስፎርመር ሲገጥምህ ማስመሪያ ያዝ። የመካከለኛውን የብረት እግር ወርዱንና ውፍረቱን በሴንቲሜትር ለካና አባዛ። ያገኘኸውን ደግሞ በራሱ አባዛው። ብረቱ ሸጋ ከሆነ መልሱ ወደ ዋቱ ይቀርባል። ሦስት በአራት ቢሆን አሥራ ሁለት፣ በራሱ መቶ አርባ አራት፤ አሮጌ ነውና መቶ በለው። አንተ ሃምሳ ዋት ድምፅ ከፈለግህ መቶው ይበቃሃል። ትራንስፎርመር እንደ አማች ነው፣ ከሚጠየቀው በላይ መቻል አለበት።

ለአባይነሽ፦ «መቼ ትመጣለህ?» ላልሽው መልሴ እንዳምናው ነው። ማን ጋ ልምጣ? እናቴ የተቀበረችው እዚህ ነው። እናንተ ሁለታችሁ ስትቀሩ በአዘዞ የሚያውቀኝ ሰው የለም። አባቴ ብረት በመቀጥቀጡ ጅብ ይሆናል ሲሉን ኖረው፣ የሄድን ጠዋት በሰፈሩ አንድ በር አልተከፈተም። ባልሽ ብቻ ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኘኝ። አልተቀየምኩም። ግን ሰው ወደማያውቀው ቦታ መንገደኛ እንጂ እንግዳ ሆኖ አይሄድም።

ይባረክ

አዘዞ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመርማሪ ዳኛዬ ለይባረክ

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ በሬው፣ አባይነሽና የግራ ጉልበቴ ግን አኩርፈዋል።

በፊውዙ ጉዳይ ድምፀ ተአቅቦ አደርጋለሁ።

እሺ፣ እናዘዛለሁ። ፊውዙ ሁለቴ ተቃጠለብኝና በቦታው ቀጭን ሽቦ ጠመጠምኩበት። አውቃለሁ። ፊውዝ የሚሞተው ሌላው እንዲኖር ነው፣ እኔ ግን ሰማዕቱን አሰናብቼ ቦታውን ለማይሞት ሰጠሁት።

ስለ ሰዓቱ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የሚያገናኘው አልገባኝም ነበር። የለካሁት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃውን ሲሰካ። ያኔ መስመሩ መቶ ሰማንያ አምስት ቮልት ነበር፣ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥም ሃያ ስምንት ወጣልኝ። ሠላሳ አምስት ቮልት የሚችል ኮንደንሰር አስገብቼ በሰላም ተኛሁ። እድር ግን የሚለፈፈው ንጋት ላይ ነው። ጥያቄህን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ ለካሁ። ይባረክ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። ሰፈሩ ተኝቶ መብራቱን የሚጠጣው ጠፍቶ፣ ሽቦው ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል። ስድስቱን ቀን የሞከርኩት ሁሌ ማታ ነበር። በሰባተኛው አያ ክንዱን ንጋት ላይ አስቀምጬ ብሰካው ሠላሳ ስምንት ቮልት መጣበት፤ ኮንደንሰሩ ፈነዳ፣ ሽቦዬ አልበጠስም አለ፣ ትራንስፎርመሩ ነደደ። ማታ የተመዘነ ለጠዋት ሥራ አይሆንም። ይህንን የሚያውቅ ሽማግሌ አጣሁ፤ ሽማግሌው እኔ ሆኜ ነው ለካ።

በማስመሪያህ ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ብረት ሻጩ ጎንበስ ብዬ ስለካ አየኝና «አንተ ሰው፣ ትራንስፎርመሩን ልትገዛው ነው ሱሪ ልትሰፋለት?» አለኝ። ዘጠኝ ለካሁ። ስምንቱ ከአምፖል በቀር የሚያስተዳድሩት የላቸውም።

ዘጠነኛው ከአሮጌ ስታቢላይዘር የወጣ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ነው። አቶ ወልደ ዮሐንስ ነገሩ በግለሰብ እጅ መቅረት የለበትም ብለው ሦስት አባላት ያሉት የትራንስፎርመር መራጭ ኮሚቴ አቋቁመዋል። ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ እንዳሰፈረው መመዘኛዎቹ አንደኛ ክብደት፣ ሁለተኛ ቀለም ናቸው። ስታቢላይዘሩ በሁለቱም አልፏል። አንተ ምን ትላለህ?

አያ ክንዱም አንድ ጥያቄ አለው፦ «መብራት ሲጠፋ ሰው አይሞትም ወይ?»

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አንብቤለታለሁ። የሚያውቀኝ ሰው የለም ከሚለው ላይ ስደርስ አንገቱን ነቀነቀ። «ለለፋፊ የሚመች ሰው ነው፣ ቢሞት ቤት ለቤት አያደክምም» አለ።

አድማሴ

ረሆቮት፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አድማሴ፣

ሰላምታውን በኋላ። ስታቢላይዘሩን አትንካ። ኮሚቴውም አይንካው።

ስታቢላይዘር ውስጥ ያለው መግቢያውም መውጫውም አንድ ሽቦ ነው። መደበኛው ትራንስፎርመር ሁለት የተለያየ ጥምጥም አለው፤ የመንገዱ መብራት በአንደኛው ይቀራል፣ ወደ ሰው እጅ የሚመጣው ሌላው ነው። ስታቢላይዘሩ ይህን አጥር አልሠራም። አያ ክንዱ ማይክራፎኑን የያዘ ዕለት የመንገዱን ምሰሶ እንደ መያዝ ነው። የገዛ ሞቱን በገዛ አፉ ይለፍፋል፣ ያውም ጥርስ ሳያስፈልገው።

ስለዚህ ራሴ ጠመጠምኩልህ። አሠሪዬ ከምሳ ሰዓቴ ላይ ፈቀደልኝ። ሃያ ሁለት፣ ዜሮ፣ ሃያ ሁለት ቮልት ያወጣል። በንጋቱ ሁለት መቶ ሃምሳህ፣ ወደ ዲሲ ሲቀየር፣ ሠላሳ አምስት ይደርሳል፤ ኮንደንሰሩን የሃምሳ ቮልት አድርገው። ፊውዝ ስድስት አብሬ ልኬያለሁ። ስድስቱንም እወዳቸዋለሁ፣ በሽቦ እንዳትቀይራቸው።

የእህቴ የወለላ ልጅ ሳሪት ለጉብኝት ስለምትመጣ በእሷ እጅ ይደርስሃል። በጎኑ ላይ ስሜን በአማርኛ ጽፌያለሁ። ምነው አትበለኝ፤ አባቴም በየማረሻው ላይ ሦስት ጭረት ያደርግ ነበር። ጅብ ነው የሚሉት ሁሉ ማረሻ ሲገዙ መጀመሪያ ጭረቱን ነበር የሚፈልጉት።

ለአያ ክንዱ፦ መብራት ሲጠፋም ሰው ይሞታል። ለእሱ የሚሆን ትራንስፎርመር አልጠመጠምኩም። ጥሩምባውን አትጣሉት፤ የሚነፋው ሰው ፈልጉለት።

አባይነሽ በዚህኛውም ደብዳቤ ግርጌ «ና» ብላ የጻፈችውን ሁለቴ አነበብኩት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

ይባረክ

አዘዞ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ፣ ለማከብርህ፣ ረጅም ዕድሜ ለምመኝልህ ወንድሜ ለይባረክ

ጤናህ እንዴት ነው? ልብህ? ደም ግፊትህ? ምግብ ትበላለህ ወይ?

ትራንስፎርመርህ በሰላም ደርሷል። አያንጎራጉርም፣ አይሞቅም፣ ከሰው ሁሉ የተሻለ ጠባይ አለው። ሙከራው ባለፈው ሐሙስ ንጋት ላይ ተካሂዶ ከተጠበቀው በላይ ተሰምቷል። ዝርዝሩን በተመለከተ ኮሚቴው ተጨማሪ ማጣራት በማድረግ ላይ ስለሆነ ለጊዜው አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር። ከአዘዞ ሰው ቢደውልልህ ለጥቂት ቀን አታንሳ። ወለላ ብትደውል ግን ቶሎ አንሳ። ባታነሳ ይብሳል።

አባይነሽ «ንገረው» እያለች ትቆጣኛለች። በሚቀጥለው እነግረዋለሁ ብያታለሁ።

ወዳጅህ (አሁንም ወዳጅህ ከሆንኩ) አድማሴ

ረሆቮት፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሬሳው ለአድማሴ

ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ወለላ ደወለች። ራሴ አነሳሁት። እያለቀሰች «የይባረክን ቤተሰብ አገናኙኝ» አለችኝ።

«ወለላ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንተ ዝም በል» አለችኝ፤ «ይባረክ ሞቷል። ከአዘዞ ነው የተነገረኝ፣ ድንኳን ተጥሏል።»

በሕይወት መኖሬን ለማሳመን የልጅነት ነውሯን አንድ በአንድ መቁጠር ነበረብኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሰደበችኝ፤ ያኔ አመነች።

ሳሪትም ተመልሳ መጥታለች። ጉዳዩን ስጠይቃት «አያ አድማሴ ራሱ ይጻፍልህ» ብላ ትስቃለች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ከዚያ ክፍሏን ትዘጋለች። ይህቺ ልጅ በዕብራይስጥ እንጂ በአማርኛ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የሟችነት መብቴን ተጠቅሜ እጠይቃለሁ። በስንት ሰዓት ሞትኩ? ማን ለፈፈኝ? በምን ምክንያት?

የመጨረሻውን ለመጠየቅ አፍራለሁ። በቀልድ አትመልስልኝ፣ ወይም በቀልድ ከመለስክ እውነቱን አትቀንስ። ሰው መጣ?

ይባረክ

አዘዞ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕያው ወንድሜ ለይባረክ

ይቅር በለኝ። ይህን ቃል ሦስት ወረቀት ላይ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ አራተኛው ነው።

እንዲህ ሆነ። ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑን አበራሁ። ቮልቱ ሸጋ፣ ፊውዙ በቦታው። አያ ክንዱን ከማይክራፎኑ ፊት አስቀምጬ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በል» ብዬው ሽቦ ለማጥበቅ ወደ ጣሪያው ወጣሁ።

አያ ክንዱ ግን አንድ ሁለት አላለም። በኋላ ስጠይቀው «ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ሰዓት አፌን የከፈትኩት ለአንድ ነገር ነው፤ ምላሴ ሌላ አያውቅም» አለኝ። የሰፈሩን ሰው በሙከራ መግደል ደግሞ ኃጢአት ነው ብሎ አሰበ። ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈ ስም አየ። ደብዳቤህን አስታወሰ። የሚያውቀኝ የለም ያልከው አንተ፣ ባሕር ማዶ ያለኸው አንተ። ማንም ሳይደነግጥ የሚሞት ሰው አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። ከዚያም በዚያ በሻከረ ድምፁ፣ በሃምሳ ዋት፣ እንዲህ አለ፦

«የታከለ ልጅ ይባረክ አርፏል። የእድሩ አባል ሁሉ ይሰማ።»

ከጣሪያው ልወድቅ ነበር። ድምፁ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሄዶ ተመለሰ። «አያ ክንዱ፣ አርመው» ብዬ ጮህኩ። አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ።

አርመው በምን? ጥሩምባውን አንስቶ ነፋ፣ ፊሽ አለ። እኔ እየሮጥኩ በር ማንኳኳት ጀመርኩ፤ ሰው ግን «መርዶ ነጋሪው አድማሴ ነው፣ እንደ ወንድሙ ነበርኮ» እያለ አቅፎኝ ያለቅሳል። «አልሞተም» ስል «አዎ፣ መጀመሪያ ሰው እንዲህ ነው፣ አያምንም» ይሉኛል። ሁለት ሰዓት ሳይሆን ድንኳኑ ተተከለ።

አሁን ለጥያቄህ። ሰው መጣ። መቁጠሩን መቶ አርባ ላይ ተውኩት።

የመጡት ግማሾቹ ባንተ ጊዜ ያልተወለዱ ናቸው፤ እናቶቻቸው በእናትህ ስም «የአምሳለ ልጅ» ብለው ስላለቀሱ አብረው አለቀሱ። ጸሎቱ እንዴት ይሁን በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። «ይሁዲ ነው፣ ፍትሐት የለውም» አለ አንዱ። «እንግዲያ ዝም ብለን እናልቅስ» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ። አቶ ወልደ ዮሐንስ በሕይወታቸው አይተውህ የማያውቁ ሲሆኑ ለሩብ ሰዓት ታታሪነትህን፣ ሰው አክባሪነትህንና ለእድሩ የነበረህን ታማኝነት ዘረዘሩ። እኔ ራሴ ሳላምን አልቀረሁም።

ወይዘሮ የትነበርሽን ታስታውሳለህ? ከእናንተ ቤት በላይ፣ ባለ ቆርቆሮው። ሰማንያ አልፏቸዋል። በሁለት ሴቶች ተደግፈው እናትህ የሠራችውን እንስራ ይዘው መጡ። ሠላሳ አራት ዓመት ውኃ የጠጡበት ነው፣ ጆሮው ብቻ ተሰብሯል። ከድንኳኑ መሐል አስቀመጡትና ሲናገሩ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ፦

«የሄዱ ጠዋት በሬን የዘጋሁ እኔ ነኝ። ጠልቼ አልነበረም። በእጃቸው ሥራ ውኃ ጠጥቼ፣ አንድ ቀን ከማዕዳቸው ሳልቀርብ ኖሬ፣ ምን ብዬ ደህና ሁኑ እላለሁ? አፈርኩ። ማፈሬን ልነግረው ስጠብቅ ሞተብኝ።»

ከዚያ በኋላ አልሞተም ብሎ የሚናገር ሰው በመሐል ቢገኝ በድንጋይ ይወገር ነበር። ተናገርኩ፤ ዘመድ ያዘኝ።

መብራቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። አያ ክንዱ ማይክራፎኑን ያዘና «ይባረክ በሕይወት አለ። የዋሸሁ እኔ ክንዱ ነኝ» አለ። ከዚያ እልልታ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ የት ይጣላል? ወይዘሮ የትነበርሽ እንስራቸውን አንስተው «እንግዲያ ይምጣና በአፉ ይንገረኝ፣ ይቅር ብሎኝ እንደሆነ» ብለው ሄዱ።

አያ ክንዱ ያን ዕለት ጥሩምባውን እግሬ ሥር አስቀምጦ «በሕያው ሰው የለፈፍኩ ከእንግዲህ አልለፍፍም» አለ። ጥር ሠላሳ ቀን ጠቅላላ ጉባኤው ተቀመጠ። አቶ ወልደ ዮሐንስ የሞባይሉን ሐሳብ ሊያቀርቡ ሲነሱ ወይዘሮ የትነበርሽ ቀደሟቸው፦ «ክንዱ ባይሳሳት ኖሮ እኔ አፍሬ እሞት ነበር። ማንም አይነካው።» በጭብጨባ ጸደቀ። አያ ክንዱ እስከ ዕለተ ሞቱ ለፋፊ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ቅድመ ሁኔታ ተጨምሯል፦ ከመለፈፉ በፊት ሟች መሞቱ በሁለት ምስክር ይረጋገጣል። ለመብራት መጥፊያ ጥሩምባውን የምትነፋው አባይነሽ ናት። ትንፋሽዋን አርባ ዓመት እኔ ላይ አለማምዳዋለች።

እሱ ግን አሁንም ይተክዛል። «ለዚያ ሰው አንድ ሕይወት አለብኝ፣ እንዴት እመልሳለሁ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

አድማሴ

ረሆቮት፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዘዞ የእድር ጽሕፈት ቤት፣ በአድማሴ በኩል

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ አነበብኩት። ሩሲያዊው ምን ሆንክ ቢለኝ የትራንስፎርመር ጭስ ዓይኔ ገባ አልኩት። የሚጨስ ትራንስፎርመር አልነበረም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

እንስራውን አስታውሰዋለሁ። ጆሮውን እናቴ ስትለጥፍ ጭቃውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። የተሰበረው በእሷ ጥፋት አይደለም፣ በእኔ ነው፤ ጭቃው አልላመም ነበር። ለወይዘሮ የትነበርሽ ይህን ንገርልኝ። ሌላውን ራሴ እነግራቸዋለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን አያ ክንዱ በማይክራፎን እንዲያነብልኝ እለምናለሁ። ንጋት ላይ፣ ቮልቱ ሲሞላ። ምስክር ካስፈለገ አንተና አባይነሽ ትበቃላችሁ።

ማረሚያ። ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረሆቮት በተላከ ደብዳቤ፣ ለወይዘሮ አባይነሽ በተሰጠ መልስ ላይ «በአዘዞ የሚያውቀኝ ሰው የለም» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት መሆኑ በአንድ ድንኳን፣ በአንድ እንስራና ቁጥሩ ከመቶ አርባ በላይ በሆነ ሕዝብ ተረጋግጧል። ስለዚህ «የታከለና የአምሳለ ልጅ ይባረክ ግንቦት 3 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል፣ የእድሩ አባል ሁሉ ይሰማ» ተብሎ እንዲነበብ እናሳስባለን። ሠላሳ አራት ዓመት ለቆየው ስሕተት ይቅርታ እንጠይቃለን።